ባድመና ባካሲ፦ በአንድ ዓመት የተሰጡ ሁለት ፍርዶች

ባለፈው ቅዳሜ ፀጉሬን ልስተካከል ሰፈራችን ወዳለው ፀጉር ቤት ጎራ አልኩ። ቅዳሜ ስለሆነ ወረፋ አለ። ወረፋ ባለበት ደግሞ ወሬ አለ። አጠገቤ የተቀመጠ አንድ ወጣት ስልኩን እያሳየን ስለ ቀይ ባሕር ያወራል። ድምፁ ሞቅ ብሏል። «አሁን ጦርነት ቢነሳ እኮ ሁለት ሳምንት አይፈጅም!» አለ፣ የእግር ኳስ ውጤት እንደሚተነብይ ሰው።

ፀጉር ቆራጩ መቀሱን ሳያቆም፣ «መቼ ነው የተወለድከው?» ብሎ ጠየቀው።

«ዘጠና አምስት፤ ምነው ጋሼ?»

«አይ፣ እንዲያው ነው። እኔ ያኔ ከግንባር ተመልሼ ይህችን ቤት ከፍቼ ነበር።»

ቤቱ ፀጥ አለ። እኔም ይህ ሰው ስንት ዓመት ፀጉሬን ሲቆርጠኝ ዘማች እንደነበረ አላውቅም ነበር። ወጣቱ ስልኩን ወደ ኪሱ ከተተ፤ ሌላ ነገር አልተባባሉም። የእኔ ተራ ደርሶ ወንበሩ ላይ ስቀመጥ ግን ሰውየው ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «አንተ ጋዜጣ ላይ የምትጽፈው፣ እስቲ አንድ ነገር ንገረኝ» አለኝ። «ያ ሄግ የተሰጠው ፍርድ መጨረሻው ምን ሆነ? የመጨረሻና አሳሪ ነው ብለውን አልነበር? ሌላው አገር ላይ የተፈረደ ፍርድ ሁሉ እንዲህ ነው የሚሆነው?»

እውነቱን ለመናገር የረባ መልስ አልሰጠሁትም። «ፖለቲካ ነዋ» ብዬ አለፍኩት። ቤቴ ገብቼ ግን ጥያቄው አልለቀኝ አለ። በተለይ ሁለተኛው፤ ሌላው አገርስ? በዚያው ዓመት፣ በስድስት ወር ልዩነት፣ ሁለት ሌሎች የአፍሪካ አገሮችም የድንበር ፍርድ ተቀብለው ነበር። የእነሱ ነገር ከእኛ ጋር ጎን ለጎን ሲታይ ብዙ ያስተምራል፤ ያናድዳልም። ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ ስለ እሱ እናውጋ።

ከራሳችን ልጀምር። በ1990 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ባድመ የምትባል ቦታ ስሟን የሰማሁት እንደ ብዙው ሕዝብ በሬዲዮ ነው። የት እንዳለች የሚያውቅ ሰው በሰፈራችን አልነበረም። ሚያዝያ 28 ቀን በአካባቢው የነበሩ ታጣቂዎች ተጋጩ፤ ግንቦት 4 ቀን የኤርትራ ጦር ገባ፤ ግንቦት 28 ቀን መቀሌ የዓይደር ትምህርት ቤት በአውሮፕላን ተደብድቦ ሕፃናት አለቁ። በዚያው ሰሞን የእኛም አውሮፕላኖች አስመራን ደበደቡ። ከወር በፊት ወንድማማች ሲባባሉ የነበሩ ሁለት መንግሥታት እንዴት እዚህ ደረሱ?

መልሱ «በባድመ ምክንያት» ከሆነ አይበቃኝም። ሁለቱን አገሮች የሚያዋስነው መስመር በ1900፣ በ1902 እና በ1908 እ.ኤ.አ. አፄ ምኒልክ ከጣሊያን ጋር በተፈራረሟቸው ሦስት ውሎች ላይ ተጽፏል። የመጀመሪያው መካከለኛውን ክፍል በመረብ፣ በበለሳና በሙና ወንዞች ያስኬደዋል። ሁለተኛው ምዕራቡን፣ ማለትም ባድመ ያለችበትን ወገን ይመለከታል። ሦስተኛው ምሥራቁን ከባሕር ጠረፍ 60 ኪሎ ሜትር ገባ ብሎ ጠረፉን እየተከተለ እንዲሄድ ያዛል። እንግዲህ አስቡት፤ አፋሩ ግመሉን ሲነዳ ስልሳኛው ኪሎ ሜትር የቱ ጋ እንደሆነ በምን ያውቃል? ሦስቱም ውሎች መሬት ላይ ወርደው ችካል አልተተከለባቸውም። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ሁሉንም ረግጦ ገባ፤ ከዚያ ፌዴሬሽን፣ ከዚያ ውህደት፣ ከዚያ የሠላሳ ዓመት ጦርነት፣ በመጨረሻም በ1985 ዓ.ም. ነፃነት። ያ ሁሉ ሲሆን መስመሩ ወረቀት ላይ ተኝቶ ነበር። ተኝቶም ማንንም አልገደለም።

የገደለው መስመሩን የቀሰቀሰው ነገር ነው። በእኔ ግምት ትልቁ ቀስቃሽ ገንዘብ ነበር። እስከ 1990 መጀመሪያ ድረስ ኤርትራ የምትጠቀመው በብር ነበር። በዚያ ዓመት ናቅፋን አሳተመች። አስመራ ናቅፋና ብር እኩል ዋጋ ኖሯቸው በሁለቱም አገር እንዲሠሩ ትፈልግ ነበር። አዲስ አበባ ደግሞ የብር ኖቶቿን ቀየረችና ከአነስተኛ የድንበር ንግድ በስተቀር ግብይቱ በውጭ ምንዛሪ፣ በባንክ በኩል ይሁን አለች። ትናንት ጤፍ ጭኖ መረብን ይሻገር የነበረ ነጋዴ በአንድ ሌሊት አስመጪና ላኪ ሆነ። የአሰብ ወደብ ክፍያ፣ የነዳጅ ማጣሪያው፣ የቀረጡ ነገር ሁሉ ያነታርክ ጀመር። በዚህ ላይ ሁለቱም ግንባሮች በትጥቅ ትግል ዘመን ጀምሮ የቆየ ቅሬታ ነበራቸው፤ አንዱ ሌላውን «እኔ ነኝ ያስተማርኩህ» ይል ነበር፣ ሌላው ደግሞ «ማን ነህና» ይል ነበር። ጉዳዮቻቸውን የሚጨርሱት በተቋም አልነበረም፤ በመሪዎች ስልክና በሰው በሰው ነበር። ሰዎቹ ሲኳረፉ መገናኛው ሁሉ አብሮ ተዘጋ። ጎረቤታሞች ተኳርፈው ሲያበቁ ጠቡን «በአጥር» እንደሚያስታውቁት ማለት ነው። አጥሩ ሁልጊዜም እዚያው ነበር።

በሰፈራችን ያየሁትን ልናገር። ቤታችን አጠገብ አነስተኛ ሱቅ የነበራት ኤርትራዊት ሴት ትኖር ነበር። እናቴ ጋር ቡና ይጠጡ ነበር፤ ዕቁብም አንድ ላይ ነበሩ። በዚያው ክረምት አንድ ሌሊት መጥተው ወሰዷት። ከዚህ እሷን የመሰሉ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተባረዋል፤ ከዚያም በኩል ኢትዮጵያውያን እንዲሁ ተባርረው መጥተዋል። ከሰፈራችን ማንም «ለምን?» ብሎ አልጠየቀም። እኔም አልጠየቅኩም። ያኔ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ፤ በማግስቱ ትምህርት ቤት ስንሰለፍ የዘመርነውን ዘፈን ዛሬም አስታውሳለሁ። እናቴ ብቻ የሴትየዋን የዕቁብ ዕጣ ለብቻ አስቀመጠችላት።

ጦርነቱ ሁለት ዓመት ፈጀ። የካቲት 1991 ባድመ በከባድ ውጊያ ተመለሰች። ግንቦት 1992 ጦራችን የኤርትራን ምሽግ ሰብሮ ዘልቆ ገባ። የሞቱትን ሰዎች ብዛት በትክክል የሚያውቅ የለም፤ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ግምት በሁለቱም ወገን ከ70,000 እስከ 100,000 ይደርሳል። ሰኔ 11 ቀን 1992 ተኩስ አቁም፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ደግሞ አልጀርስ ላይ አጠቃላዩ ስምምነት ተፈረመ።

የአልጀርስ ስምምነት እንደ ወረቀት ሲነበብ ምንም አይወጣለትም። አምስት አባላት ያሉት የድንበር ኮሚሽን ሄግ ላይ ይቋቋማል። ሁለቱን ኢትዮጵያ፣ ሁለቱን ኤርትራ ይመርጣሉ፤ ሰብሳቢው እንግሊዛዊው የሕግ ሊቅ ሰር ኤሊሁ ላውተርፓክት ሆኑ። ኮሚሽኑ የሚፈርደው በቅኝ ግዛት ዘመን ውሎችና በዓለም አቀፍ ሕግ ብቻ ነው። «ለሰዎቹ ይህ ይሻላል፣ ይህ ይከፋል» ብሎ በርትዕ የመወሰን ሥልጣን የለውም፤ ይህ በግልጽ ተከልክሏል። ውሳኔው የመጨረሻና አሳሪ ነው። በፊርማው ላይ የተባበሩት መንግሥታት፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት፣ አሜሪካ፣ የአውሮፓ ኅብረትና አልጄሪያ በምስክርነት ቆመዋል። ከምስክሮቹ አንዱ የናይጄሪያው ፕሬዚዳንት ኦሉሴጉን ኦባሳንጆ ነበሩ። ይህንን ስም ያዙልኝ።

ፍርዱ ሚያዝያ 5 ቀን 1994 ዓ.ም. በአንድ ድምፅ ተሰጠ። ያን ቀን ማታ የነበረውን ደስታ ታስታውሱ ይሆናል። የያኔው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር አቶ ስዩም መስፍን ባድመ ለኢትዮጵያ እንደተወሰነች አበሰሩ። በፍርዱ ወረቀት ላይ ግን መስመር እንጂ የባድመ ከተማ በየትኛው ወገን እንደምትውል የሚገልጽ ቃል አልነበረም። ኮሚሽኑ ባድመ በኤርትራ በኩል መዋሏን ግልጽ ያደረገው ከዓመት ገደማ በኋላ ነው። እኔ በዚህ ጉዳይ ላይ የማልለውጠው አቋም አለኝ፤ ትልቁ ስህተት የተሠራው ያን ማታ ነው። ሕዝብ «አሸነፍክ» ከተባለ በኋላ «ተሸንፈሃል» ለማለት የሚደፍር መንግሥት በየትም አገር አይገኝም። ለሁለት ዓመት ልጁን የሰጠ ሕዝብ እውነቱን በዚያው ቀን ቢሰማ ኖሮ ይቆጣ ነበር፣ ያለቅስ ነበር፤ ግን ይሰማ ነበር።

መስከረም 1996 ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ለኮፊ አናን ደብዳቤ ጽፈው ውሳኔው በባድመና በሌሎች ቦታዎች ፍትሐዊ እንዳልሆነ፣ ሌላ መፍትሔ እንዲፈለግ ጠየቁ። ኅዳር 1997 ውሳኔውን «በመርህ ደረጃ» እንቀበላለን፣ ነገር ግን ከአፈጻጸሙ በፊት እንነጋገር የሚል ባለ አምስት ነጥብ ሐሳብ ቀረበ። ከአስመራ የመጣው መልስ አጭር ነበር፤ የተፈረደ ነገር ላይ ምን ንግግር አለ? መጀመሪያ ችካሉ ይተከል። እንግዲህ ሁለቱም ወገን የያዘው ነገር ምክንያት አለው። ችግሩ ሁለቱ ምክንያቶች የሚገናኙበት ክፍል አልነበረም። የሚገናኙበት ጠረጴዛም፣ የሚያገናኛቸውም ሰው አልነበረም። ኮሚሽኑ ተስፋ ቆርጦ መስመሩን በካርታ ላይ ብቻ አስምሮ ኅዳር 2000 ተበተነ። የተባበሩት መንግሥታት ሰላም አስከባሪም ሐምሌ 2000 ተልዕኮው አበቃ።

አሁን ወደ ምዕራብ እንሂድ።

ባካሲ በጊኒ ባሕረ ሰላጤ ላይ ወደ ውቅያኖስ የወጣች ረግረጋማ ልሳነ ምድር ናት። ጭቃና ማንግሮቭ የሚባል የባሕር ዳር ዛፍ ነው ያለው፤ ዓሣው ግን የተትረፈረፈ ነው፣ ከባሕሩ ሥርም ነዳጅ አለ ተብሎ ይታሰባል። ነዋሪዎቿ አብዛኞቹ ከናይጄሪያዋ ካላባር አካባቢ የመጡ ዓሣ አጥማጆች ናቸው። ነገሩ የሚጀምረው እንደ እኛው ከነጭ ወረቀት ነው። በ1884 እ.ኤ.አ. የካላባር ነገሥታትና አለቆች ከእንግሊዝ ጋር የጥበቃ ውል ተፈራረሙ። በ1913 እ.ኤ.አ. ደግሞ እንግሊዝ ከጀርመን ጋር ስትዋዋል ባካሲን ለጀርመኗ ካሜሩን ሰጠች። ናይጄሪያ በኋላ ፍርድ ቤት ቀርባ የተከራከረችው፣ «እንግሊዝ ጠባቂ እንጂ ባለቤት አልነበረችም፤ የሰው መሬት እንዴት ትሰጣለች?» ብላ ነው። የእኔ ልብ ከዚህ ክርክር ጋር ነው። ሕጉ ግን ከዚህ ክርክር ጋር አልነበረም፤ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

በ1975 እ.ኤ.አ. ሰኔ ላይ የናይጄሪያው ያኩቡ ጎዎንና የካሜሩኑ አህመዱ አሂጆ ማሩዋ በተባለች ከተማ የባሕር ድንበራቸውን ተፈራረሙ። ፊርማው ሁለት ወር ሳይሞላው ጎዎን ለአፍሪካ አንድነት ድርጅት ጉባኤ ካምፓላ እንዳሉ መፈንቅለ መንግሥት ተደረገባቸው። ከእሳቸው በኋላ የመጡት ውሉ አልጸደቀም አሉ። በ1981 አምስት የናይጄሪያ ወታደሮች ተገድለው ሁለቱ አገሮች ለጦርነት ጫፍ ደረሱ። ጄኔራል ሳኒ አባቻ ኅዳር 1993 እ.ኤ.አ. ሥልጣን በያዙ በሳምንታት ውስጥ የናይጄሪያ ጦር ባካሲ ገባ። አዲስ ገዢ፣ ዕውቅና የሚፈልግ መንግሥት፣ ሩቅ ያለ ረግረግ፤ የጠብ አመጣጡ ከዚህ ሲታይ ብዙም እንግዳ አይሆንብንም። ካሜሩን በጦር እንደማትችል ታውቃለችና መጋቢት 1994 እ.ኤ.አ. ሄግ ወዳለው ዓለም አቀፍ የፍትሕ ፍርድ ቤት ሄደች። ፍርድ ቤት እየተሟገቱም በ1996 ዳግም ተታኩሰዋል።

ፍርዱ ጥቅምት 10 ቀን 2002 እ.ኤ.አ. ተሰጠ። በ13 ድምፅ ለ3 ባካሲ የካሜሩን ናት ተባለ። ከሦስቱ ተቃዋሚዎች አንዱ ናይጄሪያ የወከለቻቸው ልዑል ቦላ አጂቦላ ናቸው። ይህ ስም ኢትዮጵያዊ አንባቢን ቀና ሊያደርግ ይገባል፤ ምክንያቱም በእኛው የድንበር ኮሚሽን ውስጥ ኢትዮጵያ ከመረጠቻቸው ሁለት ዳኞች አንዱ እኚሁ ሰው ነበሩ! በአንድ ዓመት ውስጥ ሚያዝያ ላይ የእኛን ፍርድ ፈርመው፣ ጥቅምት ላይ የአገራቸውን ፍርድ ተቃወሙ።

ናይጄሪያ ያኔ «እሺ» አላለችም። ፍርዱ ጎድሎበታል ብላ ተቃወመች። ጋዜጦቿ ጮኹ፣ ጠበቆቿ ጮኹ፤ ፕሬዚዳንቱም በቀጣዩ ዓመት ምርጫ ይጠብቃቸዋል። በሕዝብ ብዛትም በጦርም ካሜሩንን ብዙ እጥፍ ትበልጣለች። አልወጣም ብትል ማን ያስወጣታል? እስከዚህ ድረስ የእኛና የእነሱ ታሪክ አንድ ነው።

የተለያየው በሁለት ነገር ነው። የመጀመሪያው ከፍርዱ በፊት የተደረገ ነው። መስከረም 5 ቀን 2002 እ.ኤ.አ.፣ ማለትም ፍርዱ ሊነገር ወር ሲቀረው፣ ኮፊ አናን ኦባሳንጆንና ፖል ቢያን ፓሪስ ላይ አገናኝተው ነበር። ማን እንደሚያሸንፍ ሳይታወቅ ፍርዱን እንደሚያከብሩና የሚያስፈጽም ዘዴ እንደሚያቋቁሙ ተነጋገሩ። እናቶቻችን ዕቁብ ላይ ዕጣው ከመውጣቱ በፊት «ለማንም ይውጣ» እንደሚሉት ነው። ዕጣው ከወጣ በኋላ ቢባል ማን ይሰማል?

ሁለተኛው፣ ፍርዱ በተሰጠ በወሩ ገደማ ጄኔቫ ላይ ዳግም ተገናኝተው በተባበሩት መንግሥታት ሰብሳቢነት የሁለቱ አገሮች የጋራ ኮሚሽን አቋቋሙ። ኮሚሽኑ አንድ ጊዜ ያውንዴ፣ አንድ ጊዜ አቡጃ ይሰበሰባል። የናይጄሪያን ልዑካን እንዲመሩ የተሾሙት ማን ናቸው? ፍርዱን የተቃወሙት ልዑል አጂቦላ! እኔ ይህን ሳነብ ወንበሬ ላይ ተስተካክዬ ተቀመጥኩ። አገሩ ተሸነፈ ያለ ሰው፣ ሽንፈቱን እንዲያስፈጽም ተላከ። ማን «አገሩን ሸጠ» ይለዋል?

ሥራውን የጀመሩት ከቀላሉ ነው። ታኅሣሥ 2003 እ.ኤ.አ. በቻድ ሐይቅ አካባቢ ካሉ መንደሮች ናይጄሪያ ወጣች። ቀጥሎ በየብስ ድንበሩ መንደር ለመንደር ተለዋወጡ፤ ካሜሩንም የለቀቀችው ነበር። አስቸጋሪዋን ባካሲን ለመጨረሻ አቆዩ። መስከረም 2004 ትወጣለች የተባለችው ናይጄሪያ ሳትወጣ ቀረች። እዚህ ላይ በእኛ ቤት ቢሆን «አየህ፣ ከዳ» ይባልና ጠረጴዛው ይገለበጥ ነበር። እነሱ ግን መሰብሰባቸውን ቀጠሉ። አሰልቺ ስብሰባ ነበር፤ የካርታ ባለሙያዎች፣ የአበልና የመኪና ክርክር። ሰኔ 12 ቀን 2006 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ አጠገብ ግሪንትሪ በሚባል ግቢ ኦባሳንጆና ቢያ ፈረሙ። አዎ፣ አልጀርስ ላይ የእኛን ውል በምስክርነት ያዩት ኦባሳንጆ። አሜሪካ፣ እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጀርመን ምስክር ሆኑ፤ አፈጻጸሙን የሚከታተል ኮሚቴም ተቋቋመ።

የግሪንትሪው ውል ከአልጀርሱ የሚለየው ስለ ሰዎቹ በመናገሩ ነው። ካሜሩን በባካሲ የሚኖሩ ናይጄሪያውያንን እንዲወጡ ወይም ዜግነታቸውን እንዲቀይሩ አታስገድድም፤ ቋንቋና ባህላቸውን ታከብራለች፤ ባሕሩ ላይ ማጥመዳቸውን አትከለክልም፤ አድሎ ያለበት ግብር አትጥልም። ጦሩ በነሐሴ 2006 ወጣ፣ አስተዳደሩ ደግሞ ነሐሴ 14 ቀን 2008 ተላለፈ። ከዚያ በኋላም ለአምስት ዓመት ልዩ የሽግግር ሥርዓት ተሰጠ። በእኛ በኩል ያለውን የኢሮብን ሕዝብ አስቡት፤ መስመሩ በመሐሉ ያልፋል ተብሎ ሲወሰን «ልጆቻችሁ የት ትምህርት ቤት ይገባሉ፣ ከብቶቻችሁ የት ውኃ ይጠጣሉ» ብሎ የጻፈለት አልነበረም። ኮሚሽኑም እንዳይጽፍ ተከልክሏል።

ነገሩን ማር ቀብቼ ላቅርብ አልፈልግም። የርክክቡ ሥነ ሥርዓት ለጸጥታ ተፈርቶ ባካሲ ላይ ሳይሆን ካላባር ከተማ ነው የተደረገው። የናይጄሪያ ሴኔት ከዚያ በፊት ርክክቡ ሕገ መንግሥቱን የጣሰ ነው ብሎ ነበር። የባካሲ ዓሣ አጥማጅ «ካሜሩናዊ መሆን ትፈልጋለህ?» ተብሎ አልተጠየቀም። ጥቂት የማይባሉት ጀልባቸውን ጭነው ወደ ናይጄሪያ ተመልሰዋል። የሰፈሩበት ቦታ ከባሕር የራቀ ነውና ዓሣ አጥማጅ ያለ ዓሣ ምን ይሆናል? እስከ ዛሬ ያማርራሉ። ለያውንዴና ለአቡጃ ያለቀው ጉዳይ ለእነሱ አላለቀም። ሆኖም አንድ ነገር አልሆነም፤ በባካሲ ምክንያት ሁለቱ መንግሥታት አልተዋጉም። ያ የጋራ ኮሚሽን 2,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ድንበር ላይ ችካል መትከሉን ለዓመታት ቀጥሏል።

«ፍርድ እምቢ ካሉስ በኋላ መመለሻ አለው ወይ?» የሚል ቢኖር፣ አለው። በደቡብ አሜሪካ ጫፍ ቢግል በሚባል የባሕር መተላለፊያ ያሉ ሦስት ደሴቶችን በ1977 እ.ኤ.አ. የግልግል ዳኞች ለቺሊ ፈረዱ። አርጀንቲና ፍርዱን ውድቅ ነው አለች። ታኅሣሥ 1978 ጦሯ ሊዘምት ሰዓታት ሲቀሩት የሮማው ሊቀ ጳጳስ ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ ካርዲናል ላኩ። ሽምግልናው ስድስት ዓመት ወሰደ። መጨረሻ ላይ የአርጀንቲና አዲስ የሲቪል መንግሥት ሕዝቡን በቀጥታ ጠየቀ፤ ኅዳር 1984 በተደረገው ድምፀ ውሳኔ ከመቶ ሰማንያ በላይ የሚሆነው መራጭ እሺ አለ። ደሴቶቹ ለቺሊ እንደሚሆኑ እያወቀ ነው እሺ ያለው። መሪዎች «ሕዝቡ አይቀበልም» ሲሉ እኔ ይህን አስታውሳለሁ። ለመሆኑ ጠይቃችሁታል?

እኛ ደግሞ ሌላ መንገድ ሄድን። ግንቦት 28 ቀን 2010 ዓ.ም. የኢሕአዴግ ሥራ አስፈጻሚ የአልጀርስን ስምምነትና የኮሚሽኑን ውሳኔ ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ አለ። ዓይደር ከተደበደበ ልክ ሃያ ዓመት በቀኑ ነው፤ ሆን ተብሎ ይሁን በአጋጣሚ አላውቅም። ሐምሌ 1 ቀን ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ አስመራ ገቡ። ስልክ ተከፈተ። የዚያን ሳምንት ቤታችን ስልኩ ጮኸ፤ እናቴ አነሳች፤ ከዚያ ግድግዳ ተደግፋ ቁጭ አለች። ሱቅ የነበራት ጎረቤታችን ነበረች። ስለ ፖለቲካ አንድ ቃል አልተነጋገሩም። «ዕቁቡ እኮ አለ» አለቻት እናቴ። «ስንት ነበር?» «ሦስት መቶ ብር።» ሁለቱም ሳቁ። ሦስት መቶ ብር ያኔ ብዙ ነበር።

መስከረም 1 ቀን 2011 ዛላምበሳና ቡሬ ተከፈቱ። ሰው ተቃቀፈ፣ ነጋዴው ጭኖ ተሻገረ። ግን ብሩ በስንት ናቅፋ ይመነዘራል? ቀረጡ የት ይከፈላል? መታወቂያ የሚያየው ማን ነው? በ1990 ያጣላው ጥያቄ በሙሉ እዚያው ነበር፤ የሚመልሰው የጋራ መሥሪያ ቤት ግን አልተቋቋመም። በሮቹ ወራት ሳይቆዩ አንድ በአንድ ተመልሰው ተዘጉ። ጎረቤታችንም ልትመጣ አስባ ሳይሆንላት ቀረ።

ትናንት ወደ ፀጉር ቤቱ ተመልሼ ሄድኩ፤ ፀጉሬ ገና አላደገም፣ መልስ ለመስጠት ነው። ደንበኛ አልነበረውም። ስለ ባካሲ፣ ስለ ሰብሳቢው፣ ስለ ልዑሉ ዳኛ ነገርኩት። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ፎጣ እያጠፈ ሰማኝ።

«ፍርዱ ከተሰጠ በስንት ዓመት አስረከበ አልከኝ?»

«በስድስት ዓመት።»

«የኛስ?»

«ተቀበልን ለማለት አሥራ ስድስት ዓመት። ችካሉ ዛሬም አልተተከለም።»

ፎጣውን አጥፎ ጨረሰና ሌላ አነሳ። «እዚያ ኮሚቴ ውስጥ ወታደር ነበረበት?» አለኝ።

አላወቅኩም። በር ላይ ደንበኛ መጣና ተነሳ።